አብራም ዮፌ፤ የክሪስታልን ጽናትና የሙቀትን ኤሌክትሪክ የመረመሩ ሊቅ

ከአሶሳ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በጾሬና በአካባቢዋ ባሉ መንደሮች፣ ለብዙ ዘመን የምሽት ብርሃን ማለት የላምባ ፋኖስ ወይም ኩራዝ ማለት ነበር። ላምባው ሲቃጠል ከሚያወጣው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ በፋኖሱ ጠርሙስ አፍ በኩል ወደ ጣራው ይወጣል፤ ለዓይን የሚተርፈው ብርሃን ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህን በከንቱ የሚባክን ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ በዚያው ፋኖስ ራዲዮ ማሠራት ይቻላል ቢባል፣ ለሰሚው ተረት ይመስል ይሆናል። ሆኖም በ1950ዎቹ ዓመታት በሶቪየት ኅብረት፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ርቀው ለሚኖሩ የገጠር ሰዎች ልክ እንዲህ ያለ መሣሪያ በፋብሪካ ተሠርቶ ነበር። መሣሪያው በፋኖሱ ጠርሙስ ላይ የሚደፋና ዙሪያውን በብረት ክንፎች የተከበበ ሲሆን፣ ውስጡ በነበልባሉ እየሞቀ፣ ውጭው በአየሩ እየበረደ፣ ለአንድ አነስተኛ ራዲዮ የሚበቃ ኤሌክትሪክ ይሰጥ ነበር።

የዚህ ሥራ አባት አብራም ፌዶሮቪች ዮፌ ይባላሉ። የፊዚክስ ሰዎች በከፊል አስተላላፊ ቁሶች ጥናት ፈር ቀዳጅነታቸውና ብዙ ታላላቅ ተማሪዎችን በማፍራታቸው ያውቋቸዋል። እምብዛም የማይነገረው ግን፣ እኚህ ሊቅ የሳይንስ ሕይወታቸውን የጀመሩት በኤሌክትሪክ ማመንጫ ሳይሆን፣ ጠጣር አካል ሲጫኑት እንዴት እንደሚለጠጥ፣ ሲሞቅም ጽናቱ እንዴት እንደሚለወጥ በመመርመር መሆኑ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች፣ ማለትም የመለጠጥ ባሕርይና ከሙቀት የሚገኘው ኤሌክትሪክ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ቆመው ይታያሉ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች እንደተረዱት ደግሞ፣ ሁለቱ በአንድ ሥር የተያያዙ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ዮፌ ኦክቶበር 29 ቀን 1880 ዛሬ በዩክሬን፣ ያን ጊዜ ግን በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው በሮምኒ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አይሁዳዊ ነጋዴ ነበሩ። በዚያን ዘመን የአይሁድ ልጆች ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚገቡበት ቁጥር በሕግ የተገደበ ከመሆኑም በላይ፣ ዮፌ የተማሩበት ትምህርት ቤት ከጥንታውያን ቋንቋዎች ይልቅ ለሒሳብና ለተፈጥሮ ሳይንስ የሚያደላ ስለ ነበር፣ ተመራቂዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ወደ ቴክኒክ ተቋሞች ነበር የሚያመሩት። በዚያው ትምህርት ቤት ከዮፌ በዕድሜ ጥቂት የሚበልጥ ስቴፓን ቲሞሼንኮ የሚባል ተማሪ ነበር፤ ሁለቱም ጓደኛሞች ሆኑ። ይህ ቲሞሼንኮ ኋላ ስለ ቁሶች ጥንካሬና ስለ መለጠጥ ሕግ በጻፋቸው መጻሕፍት የዓለም መሐንዲሶች ሁሉ መምህር ለመሆን የበቃው ሰው ነው። ከአንዲት ትንሽ የአውራጃ ከተማ የወጡ ሁለት ልጆች፣ አንዱ የድልድይንና የምሰሶን፣ ሌላው የክሪስታልን መለጠጥ ሊመረምሩ መነሣታቸው የሚያስደንቅ አጋጣሚ ነው።

ዮፌ በ1902 ከፒተርስበርግ የቴክኖሎጂ ተቋም ከተመረቁ በኋላ ወደ ጀርመን አገር ሙኒክ ሄደው ከታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ከቪልሄልም ሮንትገን ዘንድ ገቡ። ሮንትገን በስማቸው የተጠራውን ጨረር አግኝተው፣ በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተቀበሉ፣ በልኬት ጉዳይ ቀልድ የማያውቁ፣ ያልተረጋገጠ ነገር ከመናገር ዝምታን የሚመርጡ መምህር ነበሩ። ለወጣቱ ተማሪም የኳርትዝን ክሪስታል የመለጠጥ ባሕርይ መመርመር የሥራው ርዕስ ሆነ።

ጉዳዩ እንዲህ ነበር። አንድ ዘንግ ጫፉ ላይ ክብደት ሲሰቀልበት ወዲያው ይታጠፋል፤ ክብደቱ ሲነሣለት ደግሞ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ነገር ግን በብዙ ቁሶች ላይ መመለሱ ወዲያው አይፈጸምም፤ ጥቂት ቅሪት ቀርቶ ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው። ይህ ዘግይቶ የሚመለስ መታጠፍ የቁስ ሁሉ የተፈጥሮ ጠባይ ነውን? ወይስ በቁሱ ውስጥ ካለ ጉድለትና ከሌላ ምክንያት የሚመጣ ነው? ኳርትዝ ሥርዓት ያለው ንጹሕ ክሪስታል በመሆኑ ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ ይሰጣል ተብሎ ታመነ። ዮፌ በ1905 ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፋቸው ያሳዩት፣ ኳርትዝ በሚታጠፍበት ጊዜ በውስጡ የሚቀሰቀሰው ኤሌክትሪክ በልኬቱ ውስጥ ትልቅ ድርሻ እንዳለውና፣ ይህ ተለይቶ ሲወጣ በክሪስታሉ ላይ የሚቀረው ዘግይቶ የመመለስ ጠባይ እጅግ ጥቂት መሆኑን ነው። ከዚህ ሥራ ወጣቱ ሳይንቲስት አንድ ትምህርት ቀሰመ፤ ይኸውም በጠጣር አካል ውስጥ መለጠጥ፣ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ለየብቻቸው የሚኖሩ ጎረቤታሞች ሳይሆኑ፣ አንዱ ሲነካ ሌላው የሚነቃ የአንድ ቤት ሰዎች መሆናቸው ነው።

ወደ አገር መመለስ

ሮንትገን ተማሪያቸው በሙኒክ እንዲቀር ፈቃዳቸው ቢሆንም ዮፌ በ1906 ወደ ፒተርስበርግ ተመለሱ። በፖሊቴክኒክ ተቋምም ከዝቅተኛ የቤተ ሙከራ ሥራ ጀምረው በ1913 ፕሮፌሰር እስከ መሆን ደረሱ። በዚሁ ጊዜ ጥቃቅን የብረት ብናኞችን በብርሃን ኃይል ኤሌክትሪክ እንዲያጡ በማድረግ የኤሌክትሮንን ቻርጅ ለኩ፤ ይህም አሜሪካዊው ሚሊካን በዘይት ጠብታ ካደረገው ልኬት ጋር የሚቀራረብ ሥራ ነበር። በ1915 ደግሞ ስለ ኳርትዝ የመለጠጥና የኤሌክትሪክ ባሕርያት በጻፉት ሥራ የሩሲያን የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። በበጋው ጊዜ ወደ ሙኒክ እየተመላለሱ ከሮንትገን ጋር የጀመሩት የክሪስታሎች የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ጥናትም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እስኪያቋርጠው ድረስ ቀጠለ።

በ1918 በአገሪቱ አብዮት ተነሥቶ፣ የእርስ በርስ ጦርነትና ረኀብ ነግሦ ሳለ፣ ዮፌ በፔትሮግራድ የፊዚክስና የቴክኒክ ምርምር ክፍል አቋቋሙ። ይህ ክፍል በ1921 ራሱን የቻለ ተቋም ሆነ። በዚሁ ዓመት ዮፌ ለተቋሙ መጻሕፍትና የልኬት መሣሪያ ለመግዛት ወደ ምዕራብ አውሮፓ ሲጓዙ ተማሪያቸው ፒዮትር ካፒትሳ ተከትሏቸው ሄደ፤ ካፒትሳም በኬምብሪጅ ከሩዘርፎርድ ዘንድ እንዲሠራ ቀረ። ኒኮላይ ሴሚዮኖቭ፣ ያኮቭ ፍሬንኬል፣ ኢጎር ኩርቻቶቭ፣ ዩሊ ኻሪቶንና አናቶሊ አሌክሳንድሮቭ ከዚሁ ቤት የወጡ ወይም በዚሁ ቤት የሠሩ ሳይንቲስቶች ናቸው። ሴሚዮኖቭ በ1956 በኬሚስትሪ፣ ካፒትሳ በ1978 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ለዮፌ ለራሳቸው ይህ ሽልማት አልደረሳቸውም፤ ይሁን እንጂ መምህር በተማሪው እንደሚመዘን ለሚያምን ሰው ጉድለቱ የሚታይ አይደለም።

ጨው፣ ሙቀትና መሰበር

ዮፌ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱት ጥናት ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋነኛው ነው። ለምርመራ የመረጡት ቁስ ጨው ነበር፤ ይኸውም በአገራችን ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ፣ አሞሌ ተብሎ በግመልና በበቅሎ ሲጓዝ የኖረው ዓይነት የማዕድን ጨው ነው። አሞሌን የሚያውቅ ሰው ጠባዩን ያውቃል፤ በመጥረቢያ ሲመቱት ሳይታጠፍና ሳይሳብ በቀጥታ ይሰነጠቃል። ታዲያ ይህ ተሰባሪነት ከጨው ጋር የተፈጠረ፣ የማይለወጥ ጠባይ ነውን?

የዮፌ ባልደረቦች የጨውን ክሪስታል በተለያየ የሙቀት ደረጃ እየሳቡ፣ በዚያው ቅጽበት የሮንትገንን ጨረር በውስጡ አሳለፉበት። ክሪስታሉ የሚለጠጠው በመመለስ ወሰኑ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ጨረሩ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ የሚተዋቸው ነጥቦች ጥርት ብለው ይታያሉ። ክሪስታሉ ከወሰኑ አልፎ ላይመለስ መሸሽ ሲጀምር ግን ነጥቦቹ ጭራ እያወጡ ይዘረጋሉ። በዚህ ዘዴ ሁለት መጠኖች ለየብቻ ተለኩ፤ አንደኛው ቁሱ ሳይመለስ መሳብ የሚጀምርበት ውጥረት፣ ሁለተኛው የሚሰበርበት ውጥረት ነው። የተገኘው ውጤት ቀላልና ጥልቅ ነበር። የመጀመሪያው መጠን ሙቀት በጨመረ ቁጥር በጣም እየቀነሰ፣ ጨው ሊቀልጥ ሲቃረብ ከምንም የማይቆጠር ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን በሙቀት እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት አንድ የሙቀት ደረጃ አለ። ከዚያ በታች ቁሱ ለመሳብ ሳይደርስ ቀድሞ ይሰበራል፤ ከዚያ በላይ ሳይሰበር ቀድሞ ይሳባል። ተሰባሪነት የቁሱ ስም ሳይሆን የቁሱና የሙቀቱ ስም ሆነ ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ዛሬም ብረት በብርድ አገር ለምን እንደሚሰበር ለሚያስተምሩ መምህራን መነሻ ነው።

ከዚሁ ጋር ሌላ ግኝት ተከተለ። የጨው ክሪስታል በሞቀ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲሳብ፣ በደረቅ ሁኔታ ከሚችለው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጭነት ይሸከማል። ዮፌ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ውሃው የክሪስታሉን ገጽ እያሟሟ በላዩ ያሉትን ጥቃቅን ስንጥቆች ስለሚያጠፋቸው ነው አሉ። እንግዲህ የክሪስታል ድካም ከውስጡ ሳይሆን ከገጹ ይመጣል፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ የሙሉውን አካል ዕጣ ይወስናል። ይህ ክስተት በስማቸው የዮፌ ውጤት ተብሎ ተጠራ።

ስህተትና መታረም

የሊቁ መንገድ ሁሉ የተቃና አልነበረም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉ ቁሶች እጅግ ስስ ሆነው ሲነጠፉ ከወፍራሞቹ ይልቅ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይችላሉ የሚል እምነት አደረባቸው። ነገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ለኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ሁሉ ታላቅ ለውጥ ያመጣ ነበርና ብዙ ተስፋ ተጣለበት። በራሳቸው ተቋም የሚሠራው ወጣቱ አሌክሳንድሮቭ ሙከራውን በጥንቃቄ ሲደግመው ግን የተባለው ጥንካሬ አልተገኘም፤ የቀድሞው ልኬት ስህተት ነበረበት። ዮፌ ስህተታቸውን ተቀበሉ፤ ያረማቸውንም ወጣት አላራቁትም። አሌክሳንድሮቭ ከዓመታት በኋላ የሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኗል። በ1936 በአካዳሚው ጉባኤ ላይ የዮፌ ተቋም ለኢንዱስትሪ የሚጠቅም ሥራ አልሠራም ተብሎ ከባድ ወቀሳ ሲሰነዘርባቸውም፣ ወደ አዲሱ የምርምር ዘርፍ፣ ወደ ከፊል አስተላላፊ ቁሶች፣ ፊታቸውን አዙረው ነበር።

የዚህ ዘርፍ አንዱ ፍሬ ቴርሞኤሌክትሪክ ነው። በ1821 ቶማስ ዜቤክ የተባለው የበርሊን ተመራማሪ ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶችን ጫፍና ጫፋቸውን አገናኝቶ አንዱን መጋጠሚያ ቢያሞቅ፣ በአጠገቡ ያለው የኮምፓስ መርፌ ሲዞር አየ። በ1834 ደግሞ ፈረንሳዊው ፔልቲየ የነገሩን ግልባጭ አገኘ፤ ኤሌክትሪክ በመጋጠሚያው ሲያልፍ አንዱ ወገን ይበርዳል። ሆኖም ከብረት የተሠራ ቴርሞኤለመንት ከተቀበለው ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ስለማይሞላ፣ ለመቶ ዓመት ያህል ሙቀት ከመለኪያነት በቀር ሌላ ግልጋሎት አልነበረውም። ዮፌ የተገነዘቡት ለዚህ ሥራ የሚስማማው ብረት ሳይሆን ከፊል አስተላላፊ ቁስ መሆኑን ነው። ጥሩ ቴርሞኤለመንት ለእያንዳንዱ የሙቀት ዲግሪ ብዙ ቮልት የሚሰጥ፣ ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያሳልፍ፣ ሙቀትን ግን የሚያግድ መሆን አለበት። ዮፌ እነዚህን ሦስት ጠባዮች በአንድ መጠን አጠቃልለው የቁሶች መመዘኛ አደረጉት፤ የዘርፉ ሠራተኞች ዛሬም ቁስን የሚያወዳድሩት በዚሁ ነው።

የጦርነቱ ዘመን

በ1941 የናዚ ጀርመን ጦር ሶቪየት ኅብረትን ሲወር የዮፌ ተቋም አብዛኛው ክፍል ወደ ካዛን ተዛወረ። በተከበበችው በሌኒንግራድ የቀሩት ባልደረቦች በፓቬል ኮቤኮ መሪነት ሥራቸውን ቀጠሉ። ከተማዋ በረኀብ ስታልቅ ከውጭ ስንቅ የሚገባባት መንገድ በክረምት በበረዶ የሚሸፈነው የላዶጋ ሐይቅ ብቻ ነበር። በበረዶው ላይ የሚጓዙ የጭነት መኪናዎች ግን አንዳንዴ ጭነታቸው ቀላል ሆኖ ሳለ እየሰመጡ ይቀሩ ነበር። የተቋሙ ሰዎች የበረዶውን መታጠፍ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠርተው ሲመረምሩ፣ የመኪናው ፍጥነት ከበረዶው በታች ካለው የውሃ ሞገድ ፍጥነት ጋር ሲገጥም ንቅናቄው እየጎለበተ በረዶውን እንደሚሰብረው ደረሱበት፤ ለነጂዎችም የፍጥነትና የርቀት ደንብ ወጣ። በሙኒክ ቤተ ሙከራ በአንዲት የኳርትዝ ዘንግ የተጀመረው የመለጠጥ ጥናት፣ በተቋሙ ልጆች እጅ የአንድ ከተማ ሕዝብ እንጀራ ጉዳይ ሆነ።

በዚያው ጦርነት ከጠላት መስመር ጀርባ በጫካ የሚዋጉ አርበኞች ለራዲዮ መገናኛቸው የኤሌክትሪክ ምንጭ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ባትሪው ሲያልቅ የሚተካው የለም። የዮፌ ባልደረባ ማስላኮቬትስና ጓዶቹ የአርበኞች ድስት ተብሎ የተጠራውን መሣሪያ የሠሩት ለዚህ ነው። ድስቱ ውሃ ይሞላና በእሳት ላይ ይሰቀላል፤ በታቹ ከዚንክና ከአንቲሞኒ ውሕድ እንዲሁም ኮንስታንታን ከሚባለው ቅይጥ ብረት የተሠሩ ቴርሞኤለመንቶች ተደርድረውበታል። ነበልባሉ አንዱን ጫፍ ሲያሞቅ፣ የሚፈላው ውሃ ሌላውን ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ይጠብቀዋል። የሚገኘው ኃይል ጥቂት ዋት ብቻ ቢሆንም ለራዲዮ ይበቃል፤ የፈላውም ውሃ ለምግብ ይሆናል።

መውደቅና መነሣት

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በአገሪቱ ባዕድ ናፋቂ በተባሉ ምሁራን፣ በተለይም በአይሁድ ላይ፣ ዘመቻ ተነሣ። በ1950 መጨረሻ ላይ የ70 ዓመት አዛውንት የነበሩት ዮፌ ራሳቸው ካቋቋሙትና ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ከመሩት ተቋም ኃላፊነት ተነሡ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ቤቱ ገብቶ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም። ዮፌ ግን በ1952 አነስተኛ የከፊል አስተላላፊዎች ቤተ ሙከራ ይዘው እንደገና ጀመሩ። ቤተ ሙከራውም ብዙ ሳይቆይ ወደ ተቋምነት አደገ። ስለ ቴርሞኤለመንቶች የጻፉት ዋና መጽሐፍ በ1956 በሩሲያኛ፣ በዓመቱም በእንግሊዝኛ የታተመው፣ በመግቢያችን የተነገረለት የፋኖስ መሣሪያም የተስፋፋው በዚህ በመጨረሻው ዘመናቸው ነው። የተለያዩ ውሕዶችን በማቀላቀል በክሪስታሉ ውስጥ የአተሞችን ሥርዓት ማወክና፣ ኤሌክትሪኩን ብዙም ሳይጎዱ የሙቀቱን ጉዞ ማገድ እንደሚቻል ያሳየውም ሥራ የእርሳቸውና የባልደረቦቻቸው ነው።

ዮፌ 80 ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀራቸው፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1960 በሌኒንግራድ ዐረፉ። የተነሡበት ተቋም በዚያው ዓመት በስማቸው ተሰየመ፤ እስከ ዛሬም በሴንት ፒተርስበርግ የዮፌ ተቋም ተብሎ ይጠራል።

የቀረው ጥያቄ

የዮፌ መመዘኛ ስለ ሦስት ነገሮች ብቻ ይናገራል፤ ስለ ቮልቴጅ፣ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ሙቀት ማስተላለፍ። ቁሱ በሥራ ላይ ይሰበር እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ መሐንዲሶች ይህ ጥያቄ ሊታለፍ እንደማይችል በተግባር ተማሩ። አንድ ቴርሞኤለመንት አንዱ ጫፉ በነበልባል አጠገብ፣ ሌላው በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ሆኖ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ከሌላ ቁስ ጋር ተበይደው ይኖራል። የሞቀው ክፍል መስፋት ይፈልጋል፤ የቀዘቀዘው ይይዘዋል። ከዚህ የሚወለደው ውጥረት በሦስት ነገሮች ብዜት ይገመታል፤ እነርሱም የቁሱ የመለጠጥ ሞጁለስ፣ በሙቀት የመስፋት መጠኑና የሙቀቱ ልዩነት ናቸው። ለምሳሌ ከእርሳስና ከቴሉሪየም የተዋሐደው ታዋቂ ቴርሞኤሌክትሪክ ቁስ የያንግ ሞጁለሱ በክፍል ሙቀት 55 ጊጋፓስካል ያህል ነው፤ ለአንድ ዲግሪ የሚሰፋውም ከሚሊዮን 20 እጅ ያህል ነው። እንቅስቃሴው ፈጽሞ ከታገደ፣ 100 ዲግሪ ብቻ ሲሞቅ በውስጡ 110 ሜጋፓስካል ያህል ውጥረት ይፈጠራል። ይህን የመሰለ ተሰባሪ ቁስ ደግሞ ይህን ያህል ውጥረት አይችልም።

በዚህ ላይ ሞጁለሱ ራሱ ባለበት አይቆምም። ሙቀት ሲጨምር አተሞቹ በብርቱ ይርገበገባሉ፤ በመካከላቸው ያለው መያያዣ እንደ ፍጹም ሞላ ስላልሆነ በመራራቅ በኩል ይላላል። ስለዚህ ቁሱ ይሰፋል፤ ሞጁለሱም ይቀንሳል። በእርሳስ ቴሉራይድ ዓይነት ቁሶች ላይ በድምፅ ሞገድ የተደረጉ ልኬቶች፣ ከክፍል ሙቀት ወደ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ሲደርሱ ሞጁለሱ ከመቶ ከ10 እጅ በላይ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። እንግዲህ በክፍል ሙቀት የተለካውን አንድ ቁጥር ይዞ ሙሉውን ዘንግ የሚያሰላ መሐንዲስ፣ በሞቀው ጫፍ ያለውን ውጥረት በትክክል አያገኘውም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ምስጢሩ አንድ መሆኑ ነው። ቴርሞኤሌክትሪክ ቁስን ለሥራው ተመራጭ የሚያደርገው ሙቀትን ማገዱ ነው። ሙቀትን የሚያግደውም በአብዛኛው መያያዣው የላላና ከፍጹም ሞላ የራቀ፣ በውስጡም የድምፅ ሞገድ ቀስ ብሎ የሚጓዝ በመሆኑ ነው። ይኸው ልልነት ነው በሙቀት እንዲሰፋ፣ ሲሞቅ እንዲለሰልስ፣ በደካማ ጽናትም እንዲኖር የሚያደርገው። ሙቀትን የሚያግድልን ባሕርይ፣ ዘንጉን የሚሰነጥቅብን ባሕርይ ዘመድ ነው። ዮፌ በወጣትነታቸው የመረመሩት ጉዳይ፣ በሽምግልናቸው በተከሉት ሥራ ውስጥ ተደብቆ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ችግሩ መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። ዘንጎቹን አጫጭር ማድረግ፣ በሞቀው ጫፍ ከመበየድ ይልቅ በሞላ ገፍቶ ማያያዝ፣ በሁለቱ ቁሶች መካከል ለስላሳ ንጣፍ ማኖር፣ አሰፋፋቸው የሚቀራረብ ቁሶችን ማጣመር የተለመዱ ዘዴዎች ናቸው። በ1977 ወደ ጠፈር የተላኩት ሁለቱ ቮየጀር መንኮራኩሮች ከሲሊከንና ከጀርማኒየም በተሠሩ ቴርሞኤለመንቶች ከ40 ዓመት በላይ ኃይል ማግኘታቸው፣ ጽናት ታስቦበት ከተሠራ መሣሪያው ከሠሪው ዕድሜ ሊቀራረብ እንደሚችል ያሳያል። ልዩነቱ ግን የመንኮራኩሩ ሙቀት ሳይቋረጥ የሚኖር መሆኑ ነው። የመንደር ፋኖስ ወይም ምድጃ በየምሽቱ ይለኮሳል፣ በየምሽቱ ይጠፋል፤ በዓመት 365 ጊዜ የሚሰፋና የሚኮማተር ዘንግ፣ በገጹ ያለችው ጥቃቅን ስንጥቅ በእያንዳንዱ ምሽት ጥቂት ጥቂት ትራመዳለች። ዮፌ በጨው ክሪስታል ገጽ ላይ ያገኟት ስንጥቅ ይህችው ናት።

ይህ ነገር በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ለሚሠራ ባለሙያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በዚሁ ክልል በጉባ ምድር የተሠራውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በዚያ በረሓማ ሙቀት ኮንክሪት የሚሞላ መሐንዲስ፣ ሲሚንቶው ሲጠነክር የሚያወጣው ሙቀት ግዙፉን አካል እንዳይሰነጥቀው የሚያሰላው ስሌት፣ ለትንሿ ቴርሞኤለመንት ከሚደረገው ስሌት ጋር በመሠረቱ አንድ ነው፤ ሞጁለስ፣ መስፋትና የሙቀት ልዩነት። ታላቁ ኃይል በታላቅ መስመር ይጓዛል፤ መስመሩ ወደ እያንዳንዱ የጾሬ ጎጆ እስኪደርስ ድረስ ግን ትናንሽ የኃይል ምንጮች ሥራ አያጡም። ከምድጃ ሙቀት ጥቂት ዋት አውጥቶ ስልክ ለመሙላትና አንዲት አምፖል ለማብራት የሚሠሩ መሣሪያዎች በዓለም ገበያ አሉ። እነዚህን የሚመርጥ፣ የሚገዛ ወይም የሚሠራ ባለሙያ፣ በመጀመሪያው ምሽት ስንት ዋት ሰጠ ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ከሺህኛው መለኮስ በኋላ ስንት ይሰጣል ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ለባለቤቱ በሁለተኛው ዓመት የተሰነጠቀ መሣሪያ፣ ጭራሽ ካልነበረው መሣሪያ የከፋ ነው፤ ገንዘቡንም እምነቱንም ይዞበት ሄዷልና።

በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ያወጣቸው፣ ከዚያም በኋላ በሌኒንግራድና በሌሎች ከተሞች የተማሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች፣ ዮፌ ከተከሉት የምርምር ባሕል በቅርብም በሩቅም ተካፋዮች ሆነዋል። የዚያ ባሕል ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲነገር፣ አንድን ቁስ በሚሠራበት ሙቀት፣ በሚሸከመው ጭነትና በሚኖርበት ዕድሜ ሳይፈትኑ አዋቂ ነኝ አለማለት ነው። አብራም ዮፌ የኳርትዟን ዘንግ በጥንቃቄ ካጠፉበት ዕለት ጀምሮ፣ የተቀሙትን ተቋም ትተው ከ70 ዓመት ዕድሜያቸው በኋላ ሌላ እስከ ጀመሩበት ዕለት ድረስ የተጓዙት ይህን ሕግ ተከትለው ነው። የጾሬን ምሽት በሙቀት ኃይል ሊያበራ የሚነሣ ሰውም ቢሆን ከዚሁ ሕግ መጀመር ይኖርበታል።